እውነት ወይስ ተረት? ስለ ፖሊመር ቅብ አረር የሚወራው

የሽጉጥ ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ ይቃጠላል፣ አረሩ ይሄዳል፣ በቀለሁ ቂጥ ያለው ማቀጣጠያ ፕራይመር ሥራውን ጨርሶ ይሞታል። ሳይጎዳ የሚተርፈው የነሐሱ ቀለህ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ስፖርተኛ ተኳሾች ይህን ቀለህ ለቅመው፣ አጽድተውና ልኩን መልሰው አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር ያስገቡበትና እንደገና ይተኩሱታል። ሪሎዲንግ ይሉታል። ለራስ መጠቀሚያ እስከሆነ ድረስ የፌዴራሉ ሕግ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሠርቶ ለመሸጥ ግን የጥይት አምራችነት ፈቃድ ግድ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያና የጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ስለሆነ እዚያ ላለ አንባቢ ይህ ጽሑፍ ለዕውቀት ብቻ ይሁን። ቨርጂኒያ ወይም ቴክሳስ እየኖሩ ተኩስን ስፖርታቸው ላደረጉ ወገኖች ግን ነገሩ የኪስና የጤና ጉዳይ ነው።

ዛሬ ከአረሮቹ መካከል ብዙ ገዢ ያገኘው በቀይ፣ በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ ፖሊመር የተቀባው የእርሳስ አረር ነው። የመዳብ ጃኬት ከለበሰው ይረክሳል፣ ሰም ከሚቀባው የድሮ እርሳስ ደግሞ ያነሰ ይጨሳል። ስለ እሱ የሚወራው ግን እውነቱና ተረቱ የተቀላቀለበት ነው። ከተረቶቹ አንዳንዶቹ ገንዘብ ያባክናሉ፣ አንዱ ሽጉጥ ሊያፈነዳ ይችላል፣ ሌላው ደግሞ ልጅ ይመርዛል።

ተረት፦ «ቅብ አረር ጥይት መከላከያ ሰደርያ ይበሳል»

ይህ ወሬ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ ምንጩም ይታወቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ኦሃዮ ውስጥ ፖል ኮፕሽ የተባለ ሐኪምና የአስከሬን መርማሪ፣ ዳንኤል ተርከስ ከተባለ የፖሊስ ሳጅንና ዶናልድ ዋርድ ከተባለ የራሱ ልዩ መርማሪ ጋር ሆኖ የመኪና በርና መስታወት የሚያልፍ የፖሊስ ጥይት ለመሥራት ተነሣ። ተራው የእርሳስ አረር ጠንካራ ነገር ሲመታ ይጠፈጠፋል። እነሱ የፈለጉት የማይጠፈጠፍ ስለነበረ አረሩን መጀመሪያ ከጠንካራ ብረት፣ በኋላም ከነሐስ ሠሩት። ጥይቱም ከሦስቱ የቤተሰብ ስሞች መነሻ ፊደላት ኬቲደብሊው ተባለ። ጠንካራው ብረት የሽጉጡን በርሜል እንዳይፍቀው አረሩን አረንጓዴ ቴፍሎን ቀቡት። የመብሳቱን ኃይል የሰጠው የብረቱ ጥንካሬ ነው፤ ቴፍሎኑ ለበርሜሉ ሲባል የተደረገ ነበር።

በ1982 ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ስለዚሁ ጥይት ዘገባ ካስተላለፈ በኋላ «ፖሊስ ገዳይ» የሚለው ስያሜ ከቴፍሎን ጋር ተጣብቆ ቀረ። ኮንግረሱ በ1986 ሕግ ሲያወጣ ግን ቅብን ጉዳዬ አላለም። ክልከላው ያረፈው እምብርታቸው ሙሉ በሙሉ ከተንግስተን ቅይጥ፣ ከብረት፣ ከነሐስ፣ ከቤሪሊየም መዳብ ወይም ከተመናመነ ዩራኒየም በተሠሩ የሽጉጥ አረሮች ላይ ነው። የሕግ አውጪዎቹ አማካሪዎች ነገሩን በትክክል ተረድተውት ነበር ማለት ነው። ሕዝቡ ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን ቀለሙ ነው። በ1991 ገበያ የወጣው የዊንቼስተር ፋብሪካ ብላክ ታሎን ጥይትም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። ጥቁሩ ቅብ አስፈሪ ስም አሰጠው፤ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ1993 ከደረሰው ዘግናኝ የቢሮ ውስጥ ጥቃት በኋላም ፋብሪካው በዚያው ዓመት ለሕዝብ መሸጡን አቆመ። የዚያም ጥቁር ቅብ የመብሳት ኃይል አልነበረውም።

እርሳስን ቢቀቡት እርሳስ ነው። ለስላሳ ነው፣ ሲመታም ይጠፈጠፋል። ይህን ስል ሕጉን አትመልከቱ ማለቴ አይደለም። የአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ሕግ ቴፍሎንን በኬሚካል ስሙ ይጠራዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ቨርጂኒያ አንዷ ናት፤ እዚያ የሚያስቀጣው እንዲህ ያለውን ጥይት ወንጀል ለመፈጸም መጠቀም ነው፣ ከፕላስቲክ ቅብ ዓይነቶችም ድንጋጌው የሚያነሣው እምብርታቸው ከእርሳስ ወይም ከእርሳስ ቅይጥ ውጪ የሆኑትን ነው። ሌላው ክፍለ ግዛት ሌላ ሊል ስለሚችል የየአካባቢን ሕግ አንብቦ መግዛት ተገቢ ነው።

ተረት፦ «ፕላስቲክ ስለሆነ በርሜል ውስጥ ቀልጦ ይጣበቃል»

የባሩዱ ጋዝ ሙቀት ከ2000 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ እርሳስ የሚቀልጠው ደግሞ በ327 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሁለት ነገሮች ግን ተዘንግተዋል። የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ አረሩ ከሽጉጥ በርሜል ውስጥ ለመውጣት አንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፤ ያ ሙቀት ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ፋታ አያገኝም። ሁለተኛው የፖሊመሩ ዓይነት ነው። ለአረር የሚውለው ቅብ ብዙውን ጊዜ በ200 ዲግሪ ገደማ ምድጃ ውስጥ የሚበስል ሙጫ ነው፤ ፓውደር ኮቲንግ የሚባለውም ሆነ ከአውስትራሊያ የመጣው ሃይ-ቴክ በዚህ መንገድ ነው የሚሠሩት። አንዴ ከበሰለ በኋላ፣ የተጋገረ እንጀራ ተመልሶ ሊጥ እንደማይሆን ሁሉ፣ ያም ተመልሶ ፈሳሽ አይሆንም።

እንዲያውም ቅቡ የተፈለገው መጣበቅን ለመከላከል ነው። ራቁቱን የሆነ እርሳስ በርሜሉ ውስጥ ሲሮጥ ትኩሱ ጋዝ በጎኑ ሾልኮ ጠርዙን ይልሰዋል፤ የተላሰው እርሳስ በበርሜሉ ጠመዝማዛ ቦዮች ላይ ይለጠፋል። ድሮ ይህን ለመቀነስ አረሩ ወገብ ላይ በተቆረጠ ቦይ ሰም ነክ ቅባት ይሞላ ነበር። ቅባቱ ሲቃጠል ይጨሳል፣ እጅ ያቆሽሻል፣ ሪሎዲንግ ማሽኑንም ያጨቀያል። በደንብ የበሰለ ፖሊመር በእርሳሱና በበርሜሉ መካከል፣ ከኋላም በእርሳሱና በጋዙ መካከል ይቆማል። በደንብ ያልበሰለ ቅብ ግን ይላጣል፤ ተልጦም በርሜሉን ያቆሽሻል። ወሬው የተነሣው በጥድፊያ ከተሠራ ሸቀጥ ይመስለኛል።

ሳይገዙ በፊት፣ ወይም ትንሽ ናሙና ገዝቶ፣ መፈተን ቀላል ነው። ነጭ ጨርቅ አሴቶን አስነክቶ አረሩን ማሸት ነው፤ ቀለሙ ወደ ጨርቁ ከመጣ አልበሰለም። ከዚያ አንዱን አረር፣ አረሩን ብቻ፣ ባሩድና ፕራይመር ካለበት ቦታ ርቆ በመዶሻ መጠፍጠፍ ነው። ጥሩ ቅብ ከእርሳሱ ጋር ይለጠጣል እንጂ እንደ ቅርፊት አይራገፍም። የአረሩ ቂጥም ሙሉ በሙሉ መቀባቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ጋዙ የሚመታው እዚያ ነው።

ተረት፦ «ቅቡ ካለ ልኩ ግድ የለውም፣ እርሳሱ ጠንካራ ይሁን እንጂ»

ቅብ የልክ ጉድለትን አይሸፍንም። ለ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ የሚሠራው የመዳብ ጃኬት አረር ስፋቱ 9.02 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ቅብ የእርሳስ አረር ግን አብዛኛውን ጊዜ 9.04 ይሆናል። ለ.45 ኤሲፒም 11.46 እና 11.48 ነው። የመቶኛ ሚሊሜትር ጉዳይ ቢመስልም አረሩ ቦዮቹን ሞልቶ ጋዙን የሚያፍነው በዚህች ልዩነት ነው። ጠባብ አረር ጋዝ ያሾልካል፣ እርሳስ ይለጥፋል፣ ወረቀቱንም በጎኑ ይመታዋል። ዒላማ ላይ ክብ ሳይሆን የቁልፍ ቀዳዳ የሚመስል ሽንቁር ያየ ሰው ባሩዱን ከመውቀሱ በፊት አረሩንና በርሜሉን ይለካ።

የበርሜሎች ልክ ከአንዱ ሽጉጥ ወደ ሌላው ይለያያል። የተራገፈና የተፈታ በርሜል ውስጥ ለስላሳ እርሳስ በቀስታ ገፍቶ አውጥቶ በማይክሮሜትር መለካት አስተማማኝ መንገድ ነው፤ ከተገኘው ልክ በሁለት ወይም በሦስት መቶኛ ሚሊሜትር የሚበልጥ አረር መፈለግ ነው።

ስለ ጥንካሬ የሚነገረው የተጋነነ ነው። ንጹሕ እርሳስ በብሪኔል መለኪያ 5 ገደማ ነው፤ አንቲሞኒና ቲን የተቀላቀለበት የተለመደው የገበያ ቅይጥ 15 ወይም 16 ይደርሳል። ለተራ የሽጉጥ ፍጥነት ይህ ይበቃል። ከመጠን በላይ የጠነከረ እርሳስ እንዲያውም ግፊቱ ሲመታው ሰፋ ብሎ በርሜሉን መሙላት ይሳነዋል። ልኩ ከጥንካሬው ይቀድማል፤ በዚህ አልደራደርም።

ጥሩ ልክ ያለውን አረር ገዝቶ ማሽኑ ላይ የሚያበላሸውም ብዙ ነው። የቀለሁ አፍ በበቂ ካልተከፈተ ጠርዙ ቅቡን ይልጠዋል፤ መጨረሻ ላይ አፉ ከልክ በላይ ከተጨመቀ ደግሞ ቅቡን ይቆርጣል፣ አረሩንም ያጠባል። ባሩድና ፕራይመር በሌለው ቀለህ አንድ ጥይት አስመስሎ ሠርቶ፣ አረሩን መልሶ ነቅሎ ማየት ነው። ቀለበት የመሰለ ቁስል ካለ ማሽኑ ይስተካከል።

ተረት፦ «ከባድ አረር የበለጠ ይረግጣል»

በውድድር ዓለም ተቃራኒው ይሰማል። ዩኤስፒኤስኤ በሚባለው የአሜሪካ የተግባር ተኩስ ማኅበር ደንብ የጥይት ኃይል የሚለካው የአረሩን ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱንም በሴኮንድ በጫማ ወስዶ፣ አባዝቶ፣ ለአንድ ሺህ በማካፈል ነው፤ ዝቅተኛው ምድብ 125 ይጠይቃል። 147 ግሬን፣ ማለትም 9.5 ግራም የሚመዝን አረር በሴኮንድ 860 ጫማ ሄዶ ይህን ያልፋል፤ 115 ግሬኑ ግን ወደ 1090 መፍጠን አለበት። ከባዱ የሚያስፈልገው ባሩድ ያነሰ ስለሆነ ሽጉጡ ሲረግጥ ዝግ ይላል፤ ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሚሄድም የአየር ስንጠቃው ድምፅ የለም። ብዙ ተወዳዳሪዎች 147ቱን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ጀማሪ 124ን ቢይዝ አይከፋውም።

ቀለሙ ግን ምንም አይናገርም። ቀዩ ከሰማያዊው አይፈጥንም።

ተረት፦ «የጃኬት አረር የባሩድ ሠንጠረዥ እንዳለ ይሠራለታል»

ጣት የሚያስቆርጠው ተረት ይህ ነው። ቅብ እርሳስ ከመዳብ ይልቅ በበርሜሉ ውስጥ በቀላሉ ስለሚንሸራተት በተመሳሳይ ባሩድ ብዙ ጊዜ የበለጠ ፍጥነት ይሰጣል። ከዚያ የባሰው የቅርጹ ነገር ነው። ቅብ አረሮች ሁሉ አፍንጫቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ሾጣጣ፣ ሌላው ጠፍጣፋ፣ ሌላው ትከሻማ ነው። ትከሻማውን በርሜሉ እንዲቀበለው ወደ ቀለሁ ውስጥ ጠልቆ እንዲገባ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። አረሩ በጠለቀ ቁጥር ለባሩዱ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል፤ 9 ሚሊሜትር ደግሞ ትንሽ ቀለህ ስለሆነ ግፊቱ በፍጥነት ያሻቅባል። ሳሚ የሚባለው የአሜሪካ የጥይት ደረጃ አውጪ ተቋም ለዚህ ጥይት የወሰነው ጣሪያ 35,000 ፒኤስአይ ነው። ከዚያ በላይ የሚሆነው በዕድል የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ባሩዱን የሚሠራው ፋብሪካ ያሳተመውን፣ ለዚያው የአረር ክብደትና ዓይነት፣ ካልተገኘም ለእርሳስ አረር የወጣውን ሠንጠረዥ መያዝ ነው። መነሻው ላይ መጀመር፣ በጥቂቱ እየጨመሩ መሄድ። ጓደኛ በቃሉ የሚነግረውን ቁጥር አትቀበሉ፤ በቅን ልቦና ይነግራል፣ ሽጉጡና አረሩ ግን የእናንተ አይደሉም። ርዝመቱን ለማረጋገጥ ደግሞ በርሜሉን ከሽጉጡ አውጥቶ፣ ባሩድና ፕራይመር በሌለው የሙከራ ጥይት መፈተን ነው፤ በራሱ ክብደት ጥርት ባለ ድምፅ መግባት፣ በጣት ሲያዞሩት መዞር፣ ሲገለብጡትም በራሱ መውደቅ አለበት።

እዚህ ላይ የግሎክ ሽጉጥ ባለቤቶች ልብ ይበሉ። የፋብሪካው መመሪያ ዳግም የተሞላ ጥይትንም ያልተሸፈነ እርሳስንም አይመክርም። ጥሩ ቅብ የእርሳሱን መለጠፍ እንደሚቀንስ በተግባር ይታያል፤ መመሪያውን ግን አይሽረውም። ውሳኔው ባለቤቱ አውቆ የሚወስነው ነው፤ በርሜሉን ቶሎ ቶሎ መመርመርም አብሮት ይመጣል።

ተረት፦ «ተቀብቷልና ከእርሳስ ነጻ ነው»

ቅብ አረር እርሳስ ነው። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለአደን እርሳስ ያለበትን ጥይት ሙሉ በሙሉ ስትከለክል ቅብ እርሳስ አላመለጠም። ሣጥኑ ላይ ያለው ደማቅ ቀለም ማንንም አያዘናጋ።

እርግጥ ነው፣ ጥቅም አለው። የተለመደው የመዳብ ጃኬት አረር ቂጡ ክፍት ስለሆነ ትኩሱ ጋዝ እርሳሱን በቀጥታ ይልሰዋል፤ ቂጡ ጭምር የተቀባ አረር ይህን ይቀንሳል። አረሩን ሲቆጥሩና ማሽን ላይ ሲያስቀምጡም እጅ እርሳሱን አይነካም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ምርጫዬም ለዚህ ሲባል ቅቡ ነው።

ነገር ግን በተኩስ ቦታ ከሚተነፈሰው እርሳስ ብዙው የሚመጣው ከፕራይመር ነው። በአብዛኛው ፕራይመር ውስጥ ሌድ ስቲፍኔት የሚባል የእርሳስ ውሁድ አለ፤ ቃታ በተሳበ ቁጥር ይፈነዳል፣ ደቃቅ ብናኝ ሆኖም በተኳሹ ፊት ይንሳፈፋል። አረሩ ጥይት የሚያቆመውን የብረት ግድግዳ ሲመታም ይሰባበራል፤ ቅቡ እዚያ ምንም አያደርግም። በዚህ ላይ ሪሎዲንግ የሚሠራ ሰው የተተኮሰ ቀለህ ቤቱ ያስገባል፣ ቀለሁ ውስጥ ደግሞ የፕራይመሩ ጥላሸት አለ። ቀለሁን በደረቅ የበቆሎ ቆሮቆንዳ ወይም በዋልነት ቅርፊት ፍርፋሪ ማሽን ውስጥ ሲያሽከረክሩት ያ ጥላሸት አቧራ ሆኖ ጋራዡን ይሞላል። በውኃና በሳሙና ማጠብ ይሻላል፤ እጣቢውም ከወጥ ቤቱ ገንዳ ይራቅ።

አሜሪካ ለሥራ ቦታ በ1978 ያወጣችው ደንብ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በስምንት ሰዓት አማካይ ከ50 ማይክሮግራም በላይ እርሳስ እንዳይኖር ይከለክላል። ያ ግን ለአዋቂ ሠራተኛ ነው። ለልጆች የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ በ2021 ክትትል የሚያስፈልግበትን መጠን በዴሲሊትር ደም ወደ 3.5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል፤ ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለም ይናገራል። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ እድገት ይጎዳል። ነፍሰ ጡር እናት ደም ውስጥ ካለ ወደ ጽንሱ ያልፋል። አዋቂው ላይ የደም ግፊትና የኩላሊት ጣጣ ያመጣበታል፤ አጥንት ውስጥ ከገባ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል።

እኛ በእጅ የምንበላ ሰዎች ነን። ከአንድ ገበታ እንቆርሳለን፣ ጉርሻ እንሰጣለን። ከተኩስ ቦታ የመጣ አባት ወይም እናት እጁን በውኃ አለቅልቆ ብቻ ልጁን ቢያጎርስ፣ በዓይን የማይታየውን ብናኝ በራሱ ጣት አፉ ውስጥ አኖረለት ማለት ነው። ከተኩስ በኋላ እዚያው፣ እርሳስን ለማንሣት በተሠራ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ እጅና ፊት ይታጠብ። ጫማው ከደጅ ይቅር። ልብሱ ተለውጦ ከቤተሰቡ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ። የሪሎዲንጉ ጠረጴዛ ሕፃን ከሚድኽበት ወለል ይራቅ፣ ባሩዱና ፕራይመሩም ይቆለፍበት። ጠረጴዛው ላይ ቡና አይጠጣ፣ ቆሎ አይበላ።

ይህን ስፖርት የምታዘወትሩ ሁሉ፣ አረሩ ቅብም ይሁን ጃኬት፣ በሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮ የደም እርሳስ ምርመራ ጠይቁ፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ለእነሱም እንዲደረግ ለሐኪሙ ተኩስ እንደምትለማመዱ በግልጽ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ላይጠይቅ ይችላል።